«ሪፈር ተጻፈልን፤ አሁንስ ምን እናድርግ?» የአስታማሚዎች ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ሊያዞን ክፍል ሠርቻለሁ፤ ማን ከየት ተላከ፣ አልጋ አለ ወይ፣ ወዴት ይሂድ የሚባልበት ቢሮ ነው። በኋላ እናቴ ታመመችና እኔም እንደ ማንም በማላውቀው ሆስፒታል ደጅ ጠናሁ። የበለጠ ያስተማረኝ ይሄኛው ነው። ጠይቁኝ።

ሲስተር፣ አባታችን ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላቸዋል። ዛሬ ማታ እንነሣ?

ድንገተኛ ከሆነ ይህን ማንበብ ትታችሁ ሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልሆነ አትቸኩሉ። ሪፈር የጻፈላችሁ ሆስፒታል ሊያዞን ክፍል ግቡና «ተቀባዩ ጋ ደውላችሁ አልጋውን ወይም ቀጠሮውን አረጋግጡልን» በሉ። ሥራቸው ነው፣ ውለታ አይደለም። ማን እንደደወለ፣ ማን እንዳነሣ፣ ቀኑን ጭምር ወረቀቱ ጀርባ ላይ አስጽፉ። ሳይደወልለት የመጣ ሰው «አልጋ የለም» ተብሎ አልቤርጎ ለአልቤርጎ ሲንከራተት፣ ለምርመራ የያዘው ብር ምርመራው ሳይጀመር ሲያልቅበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ምን ምን ይዘን እንምጣ?

ባለ ጠንካራ ሽፋን አንድ ደብተር። ወረቀቱን ሁሉ ፌስታል ውስጥ መጠቅጠቅ ልማዳችን ነው፤ ዝናብ ሲመታው የላብራቶሪው ውጤት ከራጁ ጋር ይጣበቃል። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ያየው ሐኪም፣ ምን አለ፣ ምን አዘዘ። አራት መስመር ይበቃል።

መድኃኒቱን ደግሞ ከነማሸጊያው አምጡ። እናቴን አንድ ቦታ «ላሲክስ» አዘዙላት፤ ከወር በኋላ ሌላ ቦታ «ፉሮሴማይድ»። ውኃን በሽንት የሚያስወጣ አንድ መድኃኒት ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለያየው። እሷ ሁለቱንም ስትውጥ ሰንብታ፣ አንድ ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ወደቀች። ሁለቱም ሐኪሞች ትክክል አዝዘዋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው አላየም፣ በቃ። እኔ ነርሷ ልጇም አላየሁም፤ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀጠሮ አለፈብን ተብለን ተመለስን። እኛ ግን በቀኑ ነው የመጣነው!

ካርዱን እዩት፤ በየትኛው አቆጣጠር ነው የተጻፈው? አንድ አባት «12/3» የሚል ካርድ ይዘው መጡ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው ብለው፣ ታቦቱን ከደጅ ተሳልመው ነው የመጡት። ሐኪሙ የጻፈው በፈረንጅ ነበር፤ ማርች 12፣ ማለትም መጋቢት 3። ስምንት ወር አለፋቸው። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ «8:00» ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሁን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ጠይቁ። ከክፍሉ ሳትወጡ ወሩን በስሙ አስጽፉ።

የጤና መድን አለን። አዲስ አበባም ይሠራል?

መንገዱን ከጠበቃችሁ። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጀምሮ የተያዘው ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ ላይ እንዲኬድ ነው። ጤና ጣቢያውን ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። የትኛው ሆስፒታል ድረስ ውል እንዳለ ሳትነሡ ወረዳችሁን ጠይቁ፤ ደረሰኝ አትጣሉ።

ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ታማሚያችንን አንድ ቀን ወንድሜ፣ ሌላ ቀን አክስቴ ናት የምታስታምማት፤ ሁሉም የተለያየ ነገር ይነግሩኛል።

እህቴ፣ አንድ ዋና አስታማሚ ይመረጥ፤ ሌላው ያግዘው። ማታ ማታ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። ያልታዘዘ መድኃኒት በሰው አትላኪ። ከሩቅ ሆነሽ የምታደርጊው ትልቁ ነገር ደግሞ ለዚያ አስታማሚ የትራንስፖርትና የምሳ ገንዘብ መቁረጥ ነው። ሁሉም ለታማሚዋ ይልካል፣ ስለ አስታማሚው የሚጠይቅ የለም።

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ለታማሚዎች አፕ ልሥራ?

ከመሥራትህ በፊት አንድ ሳምንት ካርድ ክፍል በር ላይ ቁም። አብዛኛው አስታማሚ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ አጭር መልእክት እንጂ አፕ አይከፍትም።

የሪፈሩ አሠራር በወረቀት ላይ ደርዝ አለው። ጤና ኬላ ለ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ15,000 እስከ 25,000፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ጠቅላላ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እየተባለ ይወጣል። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚሞላው ግን ያ ፌስታል የያዘ አስታማሚ ልጅ ነው፤ ሠልጥኖ አይደለም፣ ደመወዝም የለው።

እኔ ብሆን ሁለት ነገር እሠራ ነበር። አንደኛ፣ ተቀባዩ «እሺ» ሳይል ሪፈር አይወጣም፤ እሺታው በአማርኛም በኦሮምኛም ለአስታማሚው ስልክ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ የመልሱ ወረቀት። ሪፈር ሲጻፍ «ይህን አገኘን፣ ይህን አደረግን» ተብሎ ለላኪው መመለስ አለበት፤ በእኔ ዘመን የሚመለሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ጤና ጣቢያው በሽተኛው ይዳን ይሙት አያውቅም። እሱን መልስልኝ፣ ሌላው ይቆይ።

አስታማሚ የት ያድራል?

ኮሪደር ላይ። ጋቢና ካርቶን ያዙ።

ሲስተር፣ እናትዎስ እንዴት ናቸው?

ተመስገን፣ ደህና ናት። ሦስተኛው ደብተር ላይ ነን። ሐሙስ ቀጠሮ አላት፤ ወሩን በስሙ አስጽፌዋለሁ።