ስለ አልበርት ባንዱራ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ባረምኩ ቁጥር የማይቀር አንድ ስም አለ፤ የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ባንዱራ። ዛሬ ስለ እሱ የመጣላችሁን ጠይቁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከየት የተነሳ ሰው ነው?

መልስ፦ ካናዳዊ ነው። በ1925 አልበርታ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደ። በ1952 አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። በ1953 ስታንፎርድ ገባ፣ እዚያው አረጀ። በ2021 በ95 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄ፦ ያ አሻንጉሊት የመደብደብ ሙከራ ምንድን ነው? ሁሉም ያወራዋል፣ የሚያስረዳ ግን የለም።

መልስ፦ በ1961 የወጣ ጥናት ነው። 72 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ነበሩ። አንዱ ቡድን አንድ ትልቅ ሰው ቦቦ የሚባለውን በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ አየ። ሰውየው ይቀመጥበታል፣ አፍንጫውን ይመታዋል፣ በመዶሻ አናቱን ይለዋል። ከዚያ ልጁን ቆንጆ ቆንጆ መጫወቻ ያለበት ክፍል አስገብተው፣ ገና መጫወት ሲጀምር “ይሄ የሌሎች ልጆች ነው” ብለው ይከለክሉታል። ተናዶ ቦቦ ወዳለበት ክፍል ሲገባ፣ ያየውን ምት ከነቃሉ ይደግመዋል።

እኔ ግን የ1965ቱን እወዳለሁ። እዚያ ልጆቹ የሚያዩት ፊልም ነው። ተደባዳቢው ሲቀጣ ያዩት ብዙም አልኮረጁም። “ያየኸውን ካሳየኸን ጁስና ስቲከር እንሰጥሃለን” ሲባሉ ግን ልክ እንደ ሌሎቹ አሳዩ! ትምህርቱ ገብቷቸዋል፣ አላወጡትም እንጂ።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ታዲያ ልጄን ከካርቱን ላርቃት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሙከራው ያን ያህል አይናገርም። ቦቦ የተሠራው ተመትቶ እንዲነሳ ነው። ልጆቹ “መጫወቻው እንዲህ ነው” ብለው ይሆናል የሚሉ ተቺዎች አሉ፣ እኔም ትችቱን እቀበላለሁ። የታየውም ወዲያው የሆነውን ብቻ ነው። አብረሻት ቁጭ ብለሽ ብታዪ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሳይቴሽን፣ ማለትም በሌሎች ጽሑፎች በመጠቀስ፣ ከፍሮይድ ጋር ይወዳደራል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በ2002 የወጣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሳይኮሎጂስቶች ደረጃ ስኪነርን አንደኛ፣ ፒያዤን ሁለተኛ፣ ፍሮይድን ሦስተኛ፣ ባንዱራን አራተኛ አድርጎታል። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጎግል ስኮላር ላይ ሳይቴሽኑ በመቶ ሺዎች ነው። ግን ስንቱ አንብቦ ነው የጠቀሰው? “ባንዱራ፣ 1977” የምትለዋ ከአንዱ ቴሲስ ወደ ሌላው ኮፒ ስትደረግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከነፊደል ግድፈቷ።

ጥያቄ፦ ኤች-ኢንዴክስስ?

መልስ፦ የአንድ ተመራማሪ ሥራዎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ መለኪያ ነው። ኤች-ኢንዴክስህ 10 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ሥራዎች አሉህ ማለት ነው። አንድ ሥራህ መቶ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም የሚጨምርልህ ያው አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ሰልፍ ኤፊካሲን “በራስ መተማመን” ብዬ ጻፍኩ፤ አድቫይዘሬ ሰረዙብኝ።

መልስ፦ ደግ አደረጉ። በራስ መተማመን ጥቅል ነው። ሰልፍ ኤፊካሲ “ይህችን ሥራ እችላታለሁ” የሚል እምነት ነው። ለመቶ እንግዳ ደግሳ የማትደነግጥ ሴት ማይክ ስትይዝ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ባንዱራ እባብ የሚፈሩ ሰዎችን ደረጃ በደረጃ እያስጠጋ እስኪነኩት ያደርሳቸው ነበር። ከምክርና ከማበረታቻ ይልቅ በገዛ እጅ መሞከር እንደሚበልጥ ያየው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ለእኛ አገር የጠቀመው ነገር አለ?

መልስ፦ “የቀን ቅኝት”ን ታስታውሳላችሁ? ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈ፣ 257 ክፍል ያለው ድራማ። ስለ ኤች.አይ.ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነበር። ዘዴውን ያበጀው ሳቢዶ የሚባል የሜክሲኮ የቴሌቪዥን ሰው ነው፤ መነሻው ደግሞ ሰው ሌላውን እያየ ይማራል የሚለው የባንዱራ ሐሳብ። ጥሩ ሰው አለ፣ መጥፎ ሰው አለ፣ መሐል ላይ የሚወላውል አለ። አድማጩ የሚከተለው የሚወላውለውን ነው፤ እሱ ሲወድቅና ሲነሳ እያየ ይማራል። ለእኔ የሰውየው ትልቁ ውጤት ይሄ ነው። ጎግል ስኮላር ይህን አይቆጥረውም።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ላንብብ ብል?

መልስ፦ ያቺኑ ስለ ሰልፍ ኤፊካሲ የጻፋትን የ1977ቷን ጽሑፍ። 25 ገጽ ናት። እባቡም እዚያ ውስጥ አለ።