ሲጋራ ለማቆም የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ኒኮቲን (የሲጋራ ሱስ የሚያስይዘው ንጥረ ነገር) ስላለው ማስቲካ፣ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፈው የኒኮቲን ፓች፣ ስለ ክኒኖቹ፣ በአንዴ ስለ መተውም ጠይቁ፤ በመጠንና በቀን ለይቼ እመልሳለሁ። ክኒን የሚጀምር ሰው ያለበትን ሕመምና የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ነግሮ ይጀምር።

ጥያቄ፦ በቀን አንድ ፓኬት አጨሳለሁ። ቀስ በቀስ ልቀንስ ወይስ በአንዴ ልተወው?

በሁለቱም ያቆመ ሰው አለ፤ በአንዴ መተው ግን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ ሳያጨሱ የተገኙት፣ በአንዴ ከተዉት 49 ከመቶ፣ በሁለት ሳምንት ቀንሰው ከተዉት 39 ከመቶ ነበሩ።

መቀነስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ከ20 ወደ 10 የወረደ ሰው እያንዳንዷን ሲጋራ ጠልቆ ይስባታል፣ እስከ ቁራጯ ድረስ ያጨሳታል። ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ ኒኮቲኑ ያን ያህል አይወርድም። «ላይት» የሚባሉት ሲጋራዎችም ያው ናቸው፤ ማጣሪያው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አጫሹ ሳይታወቀው በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናቸዋል።

መቀነስን ከመረጥክ መጀመሪያ የማቆሚያውን ቀን ቁረጥ፤ ከሁለት ሳምንት ብዙም አትራቅ። ከዚያ የጠዋቷን ሲጋራ በየሁለት ቀኑ በአንድ ሰዓት ወደፊት ግፋት። «ዛሬ አምስት ብቻ» የሚለው አካሄድ አይመከርም፤ ቀኑን ሙሉ የምታስበው ስለነዚያ አምስት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሱሴ ከባድ ይሁን ቀላል በምን ልወቅ?

ከእንቅልፍሽ በነቃሽ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሺው? በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ከባድ ነው። ኒኮቲን በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጨስ ያደረ ሰው ጠዋት ባዶ ሆኖ ነው የሚነቃው። ያንን ባዶነት ለመሙላት የምትቸኩይበት ፍጥነት በቀን ከምታጨሺው ብዛት በላይ ይናገራል። በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትለኩስ ሰው ባለ 4 ሚሊግራም ማስቲካ ትጀምር፤ ከዚያ የምትዘገይ ባለ 2 ይበቃታል።

ጥያቄ፦ የኒኮቲን ማስቲካ ሞክሬ ስቅታና ቃር ብቻ አተረፍኩ። ሀራራውም አልለቀቀኝም።

እንደ ተራ ማስቲካ ስለታኘከ ነው። ኒኮቲኑ መግባት ያለበት በጉንጭ ሽፋን በኩል ነው። በምራቅ የተዋጠው ጨጓራ ያቃጥላል፣ ስቅታ ያመጣል፤ ከአንጀት የገባውንም አብዛኛውን ጉበት ያጠፋዋል።

ለብለብ የሚያደርግ ጣዕም እስኪሰማህ ቀስ እያልክ አኝክ፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ማኘክ ይበቃል። ጣዕሙ ሲመጣ አቁምና በጉንጭህና በድድህ መካከል አኑረው። ልብለባው ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት አኝከህ በሌላኛው ጉንጭ አኑር። አንዱ ፍሬ እንዲህ እያለ 30 ደቂቃ ይቆያል። ከ15 ደቂቃ በፊትም ሆነ እያኘክ ቡና፣ ጭማቂ ወይም ለስላሳ አትጠጣ፤ አሲዱ ኒኮቲኑን በጉንጭ እንዳያልፍ ያግደዋል።

ሌላው ስህተት መጠኑ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓት አንድ ፍሬ ያስፈልጋል፤ በቀን ቢያንስ 9፣ ቢበዛ 24። ቀጥሎ ለሦስት ሳምንት በየሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ለሦስት ሳምንት በየአራት እስከ ስምንት ሰዓት ይሆናል። በቀን ሦስት ፍሬ አኝኮ «አይሠራም» የሚል ሰው ገና አልሞከረውም። ደግሞ ሀራራው እስኪያጥለቀልቅህ አትጠብቅ፤ ሲጋራ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ሲደርስ ማስቲካው ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። በሰዓት ያዘው።

ጥያቄ፦ ፓች ስለጥፍ ሌሊት የሚያስጨንቅ ሕልም አያለሁ፣ ቆዳዬንም ያሳክከኛል።

ማታ ስትተኚ አንሺው። ጠዋት አዲሱን ስትለጥፊ ግን ኒኮቲኑ ደም ውስጥ እስኪሞላ ሰዓታት ይወስዳል፤ ክፍተቱን በአንድ ማስቲካ ሙይው። ለማሳከኩ ቦታ መቀያየር ነው መፍትሔው፦ ላይኛው ክንድ፣ ደረት፣ ጀርባ፤ አንዱን ቦታ ለአንድ ሳምንት አትድገሚው። ቆዳው ንጹህ፣ ደረቅ፣ ጸጉር የሌለውና ቅባት ያልነካው ይሁን፤ ለጥፈሽ በመዳፍሽ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኚው። ቦታው ቀልቶ ካበጠና ካልተሻለው ግን ተዪው።

መጠኑ፦ በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ለሚያጨስ ስድስት ሳምንት ባለ 21 ሚሊግራም፣ ሁለት ሳምንት ባለ 14፣ ሁለት ሳምንት ባለ 7። 10 ወይም ከዚያ በታች ለሚያጨስ ስድስት ሳምንት ባለ 14፣ ሁለት ሳምንት ባለ 7። የተነሳውን አጣብቂውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ሕፃናት በማይደርሱበት ጣይው፤ ውስጡ የቀረው ኒኮቲን ለልጅ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ፓችና ማስቲካ አንድ ላይ? አይበዛም?

አይበዛም፤ እንዲያውም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይሻላል። ፓቹ ቀኑን ሙሉ መሠረቱን ይይዛል፣ ማስቲካው ወይም የሚመጠጠው የኒኮቲን ከረሜላ ድንገት የሚመጣውን ሀራራ ይመታል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞርና የልብ ምት መፍጠን ከመጣ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ከክኒኖቹ የትኛው ይሻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የመከረው የኒኮቲን ምትኮችን (ፓች፣ ማስቲካና የመሳሰሉትን)፣ ቫሬኒክሊንን፣ ቡፕሮፒዮንን እና ሳይቲሲንን ነው። ከክኒን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ቫሬኒክሊንን አስቀድማለሁ። አንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚያርፍበትን ቦታ በከፊል ይይዛል፤ ሀራራውን ያለዝባል፣ ሲጋራ ቢጨስ እንኳ የሚሰጠውን እርካታ ይቀንሳል።

አወሳሰዱ፦ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው 0.5 በቀን ሁለቴ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ 1 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፤ በጠቅላላው 12 ሳምንት። ሲጋራው የሚቆመው በ8ኛው ቀን ነው። አንዳንድ ሰው በማቅለሽለሽ ምክንያት ያቋርጠዋል። ምግብ በልተህ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጠው፤ የማታውን ከእራት ጋር ውሰደው እንጂ ወደ መኝታ ስትሄድ አይሁን፤ ክኒኑ የሚያመጣውን የሚያስጨንቅ ሕልምም ይቀንሰዋል። ከባድ የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑ ይቀነሳል።

ሳይቲሲን ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ በተለመደው አወሳሰድ 25 ቀን ይፈጃል፤ ባለ 1.5 ሚሊግራሙ በቀን ከስድስት ፍሬ ተጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። እስከ 5ኛው ቀን ሲጋራው መቆም አለበት። የሚከብደው መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሰዓቱ መዋጡ ነው፤ ስልክ ላይ ማንቂያ ሙላ።

ጥያቄ፦ ልጅ እያለሁ የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ቡፕሮፒዮን ይሆነኛል?

አይሆንም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም የነበረበት፣ ከባድ የአመጋገብ መዛባት ያለበት፣ ብዙ አልኮል ሲጠጣ ቆይቶ በድንገት ያቆመ ሰው አይወስደውም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ማቆም ትፈልጋለች።

ዛሬውኑ ታቁም፤ ምክርና ክትትል ቀዳሚው መንገድ ነው። ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ለእርግዝና አይመከሩም። ያለ ድጋፍ ካቃታት የኒኮቲን ምትክ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ትወስን። አንተም የምታጨስ ከሆነ አብረሃት አቁም፤ ጢሱ ለእሷም ለጽንሱም ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ አምስተኛ ቀኔ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤ ይመታል። ይህ ሁሉ ሀራራ ነው?

በቀን ስንት ቡና ትጠጣለህ? ይህን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፦ የሲጋራ ጢስ (ኒኮቲኑ ሳይሆን ጢሱ) ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጢሱ ሲቀር ካፌይኑ ደም ውስጥ ይቆያል፤ ያው የለመድከው ቡና እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማሃል። ሰው ይህን የሱስ ጭንቀት ይመስለውና ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ቡናውን በግማሽ ቀንስ፣ ከቀትር በኋላ ተወው፤ በጥቂት ቀን ልዩነቱን ታየዋለህ። የደረት ሕመም ካለህ ግን አትጠብቅ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

በዚሁ ምክንያት ኦላንዛፒን፣ ክሎዛፒን ወይም ቴዎፊሊን የሚወስድ ሰው ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋም ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለካ።

ጥያቄ፦ አባቴ ካቆሙ ሁለት ሳምንታቸው ነው፤ ሳላቸው ግን ባሰባቸው። ማቆማቸው ጎዳቸው?

አልጎዳቸውም። የአየር ቧንቧን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ጸጉሮች ጢሱ አደንዝዟቸው ነበር፤ አሁን ነቅተው የተጠራቀመውን አክታ ወደ ላይ እየገፉት ነው። ውሃ ይጠጡ። ሳሉ ከጥቂት ሳምንታት ካለፈ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ክብደታቸው ከቀነሰ ግን ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ሂፕኖሲስና አኩፓንቸር (ሰውነት ላይ ቀጫጭን መርፌ የሚሰካበት ሕክምና)?

እንደሚሠሩ አልተረጋገጠም። ገንዘብህን ፓች ግዛበት።

ጥያቄ፦ ወደ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ብዛወርስ?

ኒኮቲን ያለው ቬፕ ሰዎችን ከሲጋራ እንደሚያላቅቅ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ቬፑ ላይ ይቀራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለማቆሚያነት አይመክረውም። የሚከፋው ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው። በቀን አንዲት ሲጋራ እንኳ በልብ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ከቁጥሯ እጅግ ይበልጣል። ሌሎቹን መንገዶች በተገቢው መጠን ሳትሞክሪ ወደዚያ አትሂጂ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ትናንት ከጓደኞቼ ጋር አንድ አጨስኩ። እንግዲህ ከዜሮ ልጀምር?

አትጀምር፤ ቀጥል። ፓች ላይ ከሆንክ አታንሳው፤ ብዙ ሰው «አጨስኩ እንግዲህ» ብሎ መድኃኒቱን ሲያቆም ነው ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው። የተረፈ ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ውሃ ውስጥ ክተተው፤ ላይተሩንና መተርኮሻውን ከቤት አውጣ። ከዚያ ትናንትን መርምር፦ ጠጥተህ ነበር? ማን ሰጠህ? እጅህ ላይ ምን ነበር? አልኮል ከነበረ ለሚቀጥለው አንድ ወር ተወው። ጓደኞችህን «ብለምንህ እንኳ እንዳትሰጠኝ» በላቸው። ከእነሱ ጋር ልትገናኝ ስትል ከ20 ደቂቃ በፊት ማስቲካውን ጀምር፤ ሀራራው ከመጣም ተነስተህ ወጣ በል፤ አንዱ ሀራራ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፣ 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድም ያበርደዋል።