የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግል ማስታወሻን ድረ ገጽ ላይ ማውጣት

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። ስለ ፋሲል ግቢ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ስለ ቁስቋም የያዝኳቸው ማስታወሻዎች ኦብሲዲያን በተባለው የማስታወሻ ፕሮግራም ላይ ተከማችተዋል። ማስታወሻን ወደ ድረ ገጽ በሚቀይረው በኳርትዝ አዘጋጅቼ፣ በጊትሃብ ፔጅስ (ጊትሃብ በሚሰጠው የድረ ገጽ ማስተናገጃ) በነፃ እንደ ዲጂታል ጓሮ፣ ማለትም እያደገ እንደሚሄድ የማስታወሻ ድረ ገጽ፣ ላወጣቸው አስቤአለሁ። የእንግዶቼ ስልክና የክፍያ ሒሳብም እዚያው ተደባልቋል። እነዚህን «ድራፍት» (ረቂቅ) ብዬ ምልክት ባደርግባቸው ይበቃል? (ከፒያሳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አይበቃም። ኳርትዝ ድራፍት የተባለውን ማስታወሻ ከድረ ገጹ ያስቀረዋል እንጂ ፋይሉን አይደብቀውም። በጊትሃብ ነፃ አካውንት ፔጅስ የሚሠራው ሪፖው (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ማከማቻ) ለሁሉም ክፍት ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሪፖውን የከፈተ ሁሉ ድራፍቱን ያነበዋል። በኋላ ቢሰርዙት እንኳ የቀደመው ቅጂ በለውጥ ታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል። ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ሪፖውን በሙሉ አጥፍተው በንጹሕ ፋይሎች አዲስ ይክፈቱ። ሰው አምኖ የሰጠዎትን ስልክ በአንድ ምልክት ላይ አይጣሉት።

የምንመክረው ሁለት ፎልደር ነው። ዋናው የኦብሲዲያን ፎልደር ጊትሃብ ላይ ከነጭራሹ አይወጣም። ኳርትዝ የሚያነበው ኮንተንት የተባለው ፎልደር ለብቻው ይሁን፤ ወደዚያ የሚገለበጠው አንብበው ያጸዱት ማስታወሻ ብቻ ነው። መገልበጡ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ማስታወሻው የሚታረመው በዚያው አጋጣሚ ነው። የትኛውን በዓይንዎ እንዳዩ፣ የትኛውን ከአባቶች እንደሰሙ፣ የትኛውን ከመጽሐፍ እንዳገኙ ለዩ። የነገረዎት ሰው ስሙ እንዲወጣ ካልፈቀደ ስሙን ያንሱ። ዓመተ ምሕረቱንም ግልጽ ያድርጉ፦ ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረበት ጊዜ በእኛ 1972፣ በአውሮፓውያን 1979 ነው። አንዱ ማስታወሻ ላይ ይህ፣ ሌላው ላይ ያ ተጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ አንባቢ ተሳስተዋል ይላል። ያልተጠናቀቀ ማስታወሻ ማውጣት ግን ነውር የለበትም፤ የዚህ ዓይነት ድረ ገጽ ጥቅሙም ይኸው ነው። ገና መሆኑን ከላይ ጻፉበት።

ፎቶ ላይ ሌላ አደጋ አለ። ስልክዎ የቦታ መረጃን ፎቶው ውስጥ ሊቀብር ይችላል፤ ከቤትዎ ያነሱት ፎቶ ቤትዎን ያመለክታል። ቀላሉ መንገድ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ወደ ራስዎ፣ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ልኮ መልሶ ማውረድ ነው። የቦታው መረጃ ይወገዳል፣ መጠኑም ወርዶ በቀርፋፋ ኢንተርኔት በቶሎ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ርእሶቼ ሁሉ በአማርኛ ናቸው። ሊንኬን ለጓደኞቼ ስልክላቸው በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም መስመር ይሆናል። አንዳንድ ሊንኮች ባዶ ገጽ ይከፍታሉ፤ የቀኑ ቅደም ተከተልም ተዘበራርቋል። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማራኪ)

መልስ፦ ሦስቱም ምክንያታቸው የተለያየ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በድረ ገጽ አድራሻ ላይ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፤ «ቁስቋም» ብቻውን 36 ይሆናል ማለት ነው። የፋይሉን ስም በአጭር የላቲን ፊደል አድርጉ፣ አማርኛውን ርእስ ደግሞ ከፋይሉ አናት በሦስት ሰረዞች መካከል፣ ታይትል (title) በሚለው መስመር ላይ ጻፉ። ስሙን የምትቀይሩት ኦብሲዲያን ውስጥ ሆናችሁ ይሁን፤ ያኔ ሊንኮቹ አብረው ይታደሳሉ። ከውጭ ከቀየራችሁት ይሰበራሉ።

ባዶ ገጹ የሚመጣው ከሞክሼ ፊደላት ነው። እኛ «ሥላሴ»ን እና «ስላሴ»ን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ በሁሉም ማስታወሻ ጽኑበት፣ ሌላውን ኤልያስስ (aliases) በሚለው መስመር ላይ እንደ ተለዋጭ ስም አስገቡ። በላቲን ስምም ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያል፦ ዊንዶውስ ላይ የሚታየው ፎቶ ድረ ገጹ ላይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ሁሉንም በትንሹ ጻፉ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ኳርትዝ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን አቆጣጠር ብቻ ነው። ለመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. «2018-01-01» ብትጽፉ የዓመታት አሮጌ ማስታወሻ አድርጎ ከታች ይጥለዋል፤ ትክክለኛው «2025-09-11» ነው። ጳጉሜን ጨርሶ አይገባውም፤ 13ኛ ወር የለውም። የእኛን ቀን ጽሑፉ ውስጥ አኑሩት። ፎንቱንም በኳርትዝ ማስተካከያ ፋይል ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጉ፤ አብሮት የሚመጣው የአማርኛ ፊደል የለውም።

ጥያቄ፦ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ይቻላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ኳርትዝን ይተዉት እንጂ። ጊትሃብን በብሮውዘር ከፍተው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሪፖ ይፍጠሩ፤ የማርክዳውን ፋይሎችዎን (ኦብሲዲያን ማስታወሻ የሚያስቀምጥባቸውን) ይጫኑ፣ መግቢያውን ገጽ ኢንዴክስ (index.md) ብለው ይሰይሙ። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ፔጅስ የሚለውን ገብተው ሜይን የተባለውን ብራንች (የፋይሎቹን ዋና ቅርንጫፍ) መርጠው ሴቭ ይበሉ። የኦብሲዲያን ድርብ ማዕዘን ቅንፍ እዚህ ሊንክ አይሆንም፤ ስሙን በነጠላ ማዕዘን ቅንፍ፣ የፋይሉን አድራሻ ቀጥሎ በክብ ቅንፍ ይጻፉ። ለውጡ እስኪታይ እስከ 10 ደቂቃ ሊቆይ ስለሚችል ወዲያው ካልታየ ደጋግመው አይጫኑ።