ከአባቴ ጋር የሳቅኩበትን ዛሬ ባየው ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ድሬዳዋ ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከታይዋን ገበያ የገዛው፣ ሚስተር ቢን የሚባለው የእንግሊዝ አስቂኝ ድራማ ቪሲዲ ነበረን። ቅዳሜ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ ያወጣና ለግቢው ሁሉ ይከፍተዋል። ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ መዝሙሩን ስለማያውቀው ሃሌ ሉያ ላይ ብቻ የሚጮኽበት ቦታ አለ። አባቴ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ «ይሄ እኔ ነኝ» ይል ነበር። ካረፈ ሦስት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ስልኬ ላይ ከፍቼ ብቻዬን አየሁት። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ መልሼ ደግሞ ሳቅኩ። አክስቴ ሰምታኝ «አፈሩ ሳይደርቅ ትስቂያለሽ?» አለችኝ። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድም ደግሞ «በቤተ ክርስቲያን የሚያላግጥ ሰው ነው፤ መግቢያው ላይ ያለው ዜማም በጌታ ላይ መቀለድ ነው» አለኝ። አቦ ጨነቀኝ። ልተወው? ጾም ሲገባስ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። ይህን ቃል ለቅሶ ቤት ሁላችንም እንለዋለን፤ መካከል ላይ ያለው ስም ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙ አናስብም። ይስሐቅ ማለት «ይስቃል» ማለት ነው። ሣራ በ90 ዓመቷ ወልዳ፣ እግዚአብሔር ሳቅ አደረገልኝ፣ የሰማ ሁሉ ይስቃል ያለችው በዘፍጥረት 21 ተጽፏል። የሞተብንን ሰው ወደዚህ ስም እየሸኘን፣ ሳቅን በጅምላ ኃጢአት ልንለው አንችልም።

መጽሐፍ የሚከለክለው ሳቅ አለ፣ እሱን አልደብቅሽም። ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን 5 ላይ የሚያሳፍር ነገርና የማይገባ ዋዛ አይሁንባችሁ ይላል። በደካማ ላይ መሳቅ፣ ሰውን አዋርዶ መሳቅ፣ ርኩስ ነገር እያዩ መሳቅ፣ ይሄ ነፍስን ይጎዳል። ያንቺ ሳቅ ግን ከዚህ የትኛው ነው? አባትሽን ናፍቀሽ ነው የከፈትሽው። ሳቁ መጣ፣ ተከትሎት ዕንባው መጣ። መክብብ ለማልቀስ ጊዜ አለው፣ ለመሳቅም ጊዜ አለው ሲል እኛ ሁለቱ ጊዜያት ተራርቀው የሚመጡ ይመስለናል። ለቅሶ ቤት ያደረ ሰው ግን ያውቀዋል፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ አንዱ የሟቹን ጨዋታ ያነሳና ከንፈሩን ሲመጥ የነበረው ሁሉ ይስቃል፤ ወዲያው እናትየው «ወይኔ ልጄ» ስትል ደግሞ ሁሉም አብሮ ያለቅሳል። ማንም ንስሐ ግቡ አይላቸውም።

አክስትሽን ግን አትቀየሚያት። እሷም ወንድሟ ነው የሞተባት። አንዳንድ ሰው ኀዘኑን በዝምታ ነው የሚይዘው፣ እና ድንገት ሳቅ ሲሰማ ሟቹ የተረሳበት ይመስለዋል። መልስ አትስጫት። ቡና አፍልተሽ አጠገቧ ቁጭ በይና አባትሽ በረንዳው ላይ ሆኖ ምን ይል እንደነበር ንገሪያት። ምናልባት አብራችሁ ታለቅሳላችሁ።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነገር ልምጣ። ያላየሁትን አልፈርድም ብዬ ፈልጌ አየሁት። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 እንግሊዝ አገር የተላለፈው። ሰውየው ስብከት ላይ ተቀምጧል። እንቅልፍ ይጥለዋል። ዓይኑን በግድ ይከፍታል፣ አንገቱ ይወድቃል፣ ያነሳዋል፣ መልሶ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ ግንባሩ ወለል ይነካል። ከዚያ ሕዝቡ ለመዝሙር ይነሳል። አጠገቡ ያለው ሰው መጽሐፍ ይዟል፣ ግን አያሳየውም። ይሄ ምስኪን ቃሉን አያውቀውም፤ በአፉ እያልጎመጎመ ይቆይና ሃሌ ሉያ ላይ ሲደርሱ እሷን ያውቃታል፣ በሙሉ ድምፁ ይለቃታል።

እኔ እዚህ ላይ ማላገጥ አላየሁም። ያየሁት ዘወትር እሑድ የማየውን ምእመን ነው። የእኛ ቅዳሴ በግእዝ ነው። ስንቱ አባት፣ ስንቷ እናት ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ሲያስቀድሱ ትርጉሙን ሳያውቁት ይኖራሉ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ግን ነቅተው «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላሉ፣ ያውም ከልባቸው። አቤቱ ይቅር በለን ማለት ነው። አባትሽ «ይሄ እኔ ነኝ» ያለው ይህንን ነው የሚመስለኝ። ሙሉውን አላውቀውም፣ የማውቃትን ግን ጮኼ እላለሁ ማለቱ ነው። ይህን በድራማ ፊት ተቀምጦ ስለራሱ የተናገረ ሰው ተሳልቋል አይባልም። እግዚአብሔር ያቺን አንዲት ቃል አይንቃትም።

የሚያሳዝነኝ ያ መጽሐፉን ያላሳየው ጎረቤት ነው። እኛ የምንማር፣ የምናስተምር ሰዎች ልናፍርበት የሚገባው እሱ ቦታ ላይ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለው ወንድማችንም ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል። እንቅልፉንም ቢሆን መጽሐፍ ቅዱስ ያውቀዋል። ሐዋርያት ሥራ 20 ላይ አውጤኪስ የሚባል ወጣት ጳውሎስ ስብከቱን ሲያረዝም መስኮት ላይ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ጳውሎስ ወረደ፣ አቀፈው፣ ነፍሱ አለችበት አለ። ተኛህብኝ ብሎ አልተቆጣውም።

የመግቢያው ዜማ ላይ ወንድማችን ጨርሶ አልተሳሳተም። ቃሉ ላቲን ነው፣ «እነሆ ባቄላ የሆነው ሰው» እንደ ማለት ነው፤ ቢን በእንግሊዝኛ ባቄላ መሆኑን ታውቂያለሽ። «እነሆ ሰውዬው» የሚለው ደግሞ በዮሐንስ 19 ጲላጦስ ጌታን የእሾህ አክሊል እንደደፋ ሲያወጣው የተናገረው ቃል ነው። ሠሪዎቹ ጌታን ለመስደብ አስበው ነው ብዬ አልፈርድባቸውም። ለእኔ ግን ያ ቃል የሕማማት ቃል ስለሆነ ለቀልድ ሲውል ልቤ አይቀበለውም። አንቺም ከከበደሽ ዜማውን እለፊው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 የወጣው የገና ክፍል ላይ ደግሞ የልደቱን ግርግም ምስል ከዳይኖሰር ጋር እየቀላቀለ ይጫወትበታል። እሱን አልወደድኩትም፤ እንዳታዪው እመክርሻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሰውየውን ሆኖ የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን መንተባተብ እንዳለበት ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ሚስተር ቢን ደግሞ እምብዛም አይናገርም። ድሬ ግቢ ውስጥ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው አንድ በረንዳ ሥር ተቀምጦ፣ ማንም ለማንም ሳያስተረጉም እኩል ይስቃል። አባትሽ ያን ቴሌቪዥን ወደ ውጭ ማውጣቱ ራሱ ምጽዋት ነበር። ቤቱ ውስጥ ቆልፎ ማየት ይችል ነበር እኮ።

ጾሙን በተመለከተ፣ በሁዳዴ ተይው። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሥጋና ወተትም ርኩስ ስለሆኑ አይደለም የምንተዋቸው፤ መልካም ሆነው ሳለ ለእግዚአብሔር ብለን ነው። በተለይ ሰሙነ ሕማማት ስልኩን እንዳለ አስቀምጪው። ከጾም ውጭ ደግሞ ልክ አብጂለት። ድራማው በአጠቃላይ 15 ክፍል ነው፣ አንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ችግሩ እሱ አይደለም። አንዱን ጨርሰሽ ስልኩ ሌላ ቪዲዮ ሲያመጣልሽ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆንና የጸሎት ሰዓትሽ ያልፋል። እሱን ጠብቂ። አንዱን አይተሽ ዝጊው፣ ተነሥተሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚለት።

ከዚህ ሌላ አባትሽ አሁን የሚፈልገው ጸሎት ነው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፈሽ አስቀድመሽ አምጪልኝ፣ ለቀዳሹ አባት እኔ እሰጥልሻለሁ። ያን ቀን ማለዳ ነይና ከፊት ቁሚ። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል እሱ ይላት የነበረችውን አንቺ ጮክ ብለሽ በዪለት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የግቢውን ጎረቤቶች ጥሪያቸው።