«ጠርሙሱ ይከብዳል» ወይስ «እፍግታው ይበልጣል»?

ጥያቄ፦ አቦ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ያገለገለ ፕላስቲክ ሰብስቤ እሸጣለሁ። ሃይላንዱን ከነክዳኑ ቆራርጠን በርሜል ውሃ ውስጥ ስንጨምረው የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። «ጠርሙሱ ስለሚከብድ ነው» ብል ሰባተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ «እንደዛ አይባልም፤ እፍግታው ስለሚበልጥ ነው» ብሎ አረመኝ። ማነው ልክ?

መልስ፦ በድሬ ወግ አንቱታውን ትተህ ስለጻፍክልኝ እኔም አንተ እልሃለሁ። ልጅህ ልክ ነው። አንተም ብዙ አልራቅክም፤ የያዘችህ «ጠርሙሱ» መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት «ኡ» ናት።

እስቲ እነዚህን አንብባቸው፦ «ብረት ከእንጨት ይከብዳል»፤ «ብረቱ ከእንጨቱ ይከብዳል»። የመጀመሪያው ስለ ዓይነቱ ነው የሚያወራው። ሰሚው ማንም ሳይነግረው እኩል የሚያህሉ ብረትና እንጨት በሐሳቡ ያስቀምጣል። «የቤቴ ምሰሶ ከሚስማር ይከብዳል እኮ!» ብሎ የሚከራከር የለም። ሁለተኛው ግን «ይሄኛው ብረት፣ ያኛው እንጨት» ማለት ነው፤ ነገሩ በሚዛን ይለያል። ሚስማርና ምሰሶ ከሆኑ ምሰሶው ያሸንፋል። «ዘይት ከውሃ ይቀላል» የምንለው በመጀመሪያው መንገድ ነው።

አንተ «ጠርሙሱ» ስትል ልጅህ በሁለተኛው መንገድ ሰማህ። አልፈርድበትም። ከጠርሙሱ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ብትጥል ትሰምጣለች። ሙሉው ክዳን ሚዛን ላይ ቢበልጣትም ይንሳፈፋል። «የጠርሙሱ ፕላስቲክ ከክዳኑ ፕላስቲክ ይከብዳል» ብትል ኖሮ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለተሠራበት ነገር ስለሆነ ያስኬድህ ነበር።

እፍግታ የመጣው ከመታፈግ ነው። ወደ ሐረር በሚኒባስ ደንገጎን ስትወጣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ «ታፍገን ሄድን» ትላለህ። ትምህርት ቤት ሲገባ ትርጉሙ ጠበብ ብሏል፦ መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል። መጠነ ቁስ በኪሎ የምንለካው ነው፤ ይዘት እዚህ ላይ ነገሩ የሚይዘው ቦታ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ብትሞላው ውሃው 20 ኪሎ ነው፤ የምግብ ዘይት ብትሞላው 18 ኪሎ ከምናምን። የውሃውን 1 ካልነው፣ ፔት የሚባለው የጠርሙሱ ፕላስቲክ 1.38 አካባቢ ነው። ክዳኑ ከፖሊፕሮፒሊን ከተሠራ 0.9፣ ከፖሊኤትሊን ከሆነ 0.95 ገደማ። የፒቪሲ ቧንቧ 1.4 አካባቢ ነውና ይሰምጣል። ብርጭቆ 2.5፣ አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት 7.8 ገደማ።

ቃሉን እወደዋለሁ፤ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። መታፈግ ሲባል የሚታሰበን ብዛት ነው። እርሳስን ውሰድ፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው፣ ልጅህ የሚጽፍበትን አይደለም። እፍግታው 11.3 ነው፣ ከአሉሚኒየም አራት እጥፍ በላይ። አተሞቹ ግን ከአሉሚኒየም አተሞች ይልቅ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ሚኒባሱ አልታፈገም፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ነው ከባዱ።

ሌላም የሚያምታታ አለ። የጀሪካንህን ሥር ገልብጠህ ብታይ ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ታገኛለህ። የዚያ ፕላስቲክ ስም ቢተረጎም «ባለ ከፍተኛ እፍግታ ፖሊኤትሊን» ነው። ግን ይንሳፈፋል! «ከፍተኛ» የተባለው 4 ቁጥር ከሚጻፍበት ወንድሙ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ የዚያኛው 0.92 አካባቢ ነው።

«ጥግግት» የሚሉም አሉ። እኔ እሱን ለሕዝብና ለቤት እተወዋለሁ። «ወፍራም»ን ግን እዚህ አታስገባው። ዘይት ሲፈስ ከውሃ ይወፍራል፤ ግን ከላይ ይቀመጣል።

ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ሲንሳፈፍ አይተህ «የፕላስቲኩ እፍግታ ትንሽ ነው» እንዳትል። ያንሳፈፈው የያዘው አየር ነው። ልጅህ ድጋሚ ያርምሃል።