መልስ፦ የሰፈር ባህላዊ ምግብ ቀን ከየት ይጀመር?

ሰላም እህቴ። የእድራችሁ ወጣቶች የባህላዊ ምግብና የጤና ቀን ሊያዘጋጁ አስበው፣ ከየት እንጀምር ብለሽ ጠይቀሻል። በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ ምግቡን የጾም አድርጉት። ሥጋ ከገባ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ለየብቻ ሊበላ ነው። በጾም ምግብ ግን ሁሉም ከአንድ መሶብ ይቆርሳል። ደግሞ ዶሮ ወጥ በየድግሱ አለ። እናንተ ወጣቱ እየረሳቸው ያሉትን አቅርቡ፦ ስልጆ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ንፍሮ፣ ቅንጬ።

ስልጆውን እናቶች እዚያው እየሠሩ ያሳዩ። የሱፍ ውሃ ሲፈላ የባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰ ይማሰላል። ከበረደ በኋላ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለጥቂት ቀናት ይቦካል። ስለዚህ አንድ ማሰሮ ቀደም ብሎ ተሠርቶ ይጠብቅ፤ ሰው አሠራሩን አይቶ የደረሰውን ይቀምሳል። ልጆቹ ሰናፍጩ አፍንጫቸውን ሲሰነፍጣቸው ሳቃቸውን ማየት ነው!

ጨው በመቀነስ ላይ ጠንከር በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በለስላሳ ፈንታም ስኳር ያልበዛበት በሶ በጥብጡ።

ለጤናው ክፍል እንደ እግር ጉዞ ያለ ስፖርት ጨምሩ፤ ለእሱም እሁድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» ቀን መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ሰው እንዴት እንደሚወጣ አይተናል። እናንተም ወረዳውን አስፈቅዳችሁ የውስጥ መንገዱን ለጥቂት ሰዓት ዝጉ። ጤና ጣቢያው ደም ግፊት የሚለካ ባለሙያ እንዲልክላችሁም ጠይቁ። ልኬቱ ግን ከእግር ጉዞውም ከቡናውም በፊት ይሁን፤ አለዚያ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሰው በከንቱ ይደነግጣል።