አህመዳባድ ላይ አንድ ባዶ ቀን አለን፤ በእግር እንውጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በኅዳር መጨረሻ ባለቤቴን ለሕክምና ሕንድ አገር፣ አህመዳባድ እወስዳታለሁ። ሐኪሙ ካያት በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ባዶ ይኖረናል። እኔ ከተማውን በእግር ማየት እፈልጋለሁ። እሷ ግርግሩን ፈርታ «ሆቴላችን ቁጭ ብለን እንዋል» ትላለች። ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነን። ምን ይሻለናል?

ባልና ሚስት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ሐኪሟ መራመድ ከፈቀደላት ውጡ ልጄ። ፍርሃቷን ግን አትናቅባት። እኔም እንደ እሷ ነበርኩ።

ባለቤቴ ዓይኑን ሊታከም አህመዳባድ ሄደን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መንገዱን ከመስኮት ሳይ ዋልኩ። ሞተር ሳይክል፣ ላም፣ የእጅ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይተማል። ጥሩንባው ለአፍታ አያርፍም። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ አንድ ዓይኑ እንደተሸፈነ የነጠላዬን ጫፍ ያዘና «በይ ምሪኝ» አለኝ። ወጣን።

መጀመሪያ ስለ መሻገር ልንገራችሁ። እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ስለዚህ ስትሻገሩ ቀድማችሁ ወደ ቀኝ እዩ። የእኛ አንገት የለመደው ወደ ግራ ነውና ይህን ለባለቤትህ ደጋግመህ ንገራት። አትሩጡ፣ መሀል መንገድ ላይም አታመንቱ። እኛ የአገሬው እናቶች ሲሻገሩ ጠብቀን ከጎናቸው እንገባ ነበር።

አሮጌውን ከተማ በጠዋት ጀምሩት። ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1411 እ.ኤ.አ. የቆረቆረው ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ከተሞች የመጀመሪያው ሆኖ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የከተማው አስተዳደር በአስጎብኚ የሚመራ የእግር ጉዞ አለው። ካሉፑር ሰፈር ካለው የስዋሚናራያን የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተነስቶ ጃማ መስጊድ ላይ ያበቃል። እኛ የሄድንበት ቀን የተነሳው በእነሱ 8 ሰዓት፣ ማለትም እኛ ጠዋት 2 ሰዓት በምንለው ነው። ሰዓቱን ሆቴላችሁ ያረጋግጥላችሁ።

ሐረር ጀጎልን ካያችሁ ሰፈሮቹ አይከብዷችሁም። «ፖል» ይሏቸዋል። መግቢያቸው በር አለው። ውስጡ ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፤ የዋናው መንገድ ጩኸት እዚያ አይደርስም። በብዙዎቹ ፖሎች አንድ ከፍ ያለ ምሰሶ አለ፤ ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ቤት ተሠርቶ ለወፎች እህል ይቀመጥበታል። እኔ ልቤ የረጋው እዚያ ስር ነው። አንዲት ሴት ደጃፏን ታጥባ ውሃውን ስትደፋ አየኋትና የእኛ ሰፈር መሰለኝ።

ጾሙን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚያ «ቬጅ» ሲሉ ሥጋ የለውም ማለታቸው ነው። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን አለበት። ቂጣውን ሳይቀር ቅቤ ይቀቡታል። «ዱድ፣ ዳሂ፣ ጊ ናሂ» በሉ፤ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ የለበትም ማለት ነው። እኛ ጠዋት ጠዋት የበላነው ፋፍዳ ነው። የሽምብራ ዱቄት በቀጭኑ ተዘርግቶ በዘይት ይጠበሳል፤ ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር ይቀርባል። የተጠበሰው በዘይት መሆኑን ግን ጠይቁ።

ከጃማ መስጊድ በኋላ ባለቤትህ ከደከማት ባጃጅ ያዙ። እነሱ «አውቶ» ወይም «ሪክሾ» ነው የሚሉት። ባጃጅ የአምራቹ ስም ነው፤ ከዚያው ከሕንድ ነው የመጣልን። «ሲዲ ሰይድ ኒ ጃሊ» በሉት ለሾፌሩ፤ የሲዲ ሰይድ መስጊድ የተፈለፈለ የድንጋይ መስኮት ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀርባችሁ።

በጉጃራት ሱልጣኖች ዘመን ብዙ ሐበሾች በባርነት ተሸጠው ሄደዋል። ከእነሱም ወታደር የሆኑ፣ የጦር አዛዥ እስከመሆን የደረሱም ነበሩ። ሲዲ ሰይድ ከዚያ ወገን ነው። መስጊዱን ያሠራው በ1573 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የሙጋሉ ንጉሥ አክባር ጉጃራትን በያዘበት ጊዜ ነው። ትንሽ መስጊድ ነው፣ ዙሪያው ትራፊክ ይንጫጫል። መስኮቶቹ ግን መስታወት ሳይሆን ድንጋይ ናቸው፤ እንደ ጥልፍ ተፈልፍለዋል። አንዱ ላይ ዛፍ አለ። ቅርንጫፎቹ ይሄዳሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ አንዱ በሌላው ስር ያልፋል። በመሀላቸው ብርሃን ይገባል። መካከለኛው መስኮት ጌጥ የለውም፣ በተራ ድንጋይ ተደፍኗል።

ባለቤቴ በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ሐረግ ነው» አለኝ። በብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ የሚሣለውን ሐረግ ማለቱ ነው። ነጠላዬን ለቆ ብቻውን ወደፊት ሄደ። ከታመመ ወዲህ ሳይመራ ሲራመድ ያየሁት ያኔ ነው።

ጫማ አውልቁ፣ ባለቤትህም ፀጉሯን ትሸፍን። ለሴቶች እስከ የት እንደሚፈቀድ በሩ ላይ ጠይቁ። ካልተፈቀደላትም በጀርባ በኩል ዙሩ። ዛፉ ከውጭም ይታያል።